ቸርኬውን የሰጠ ሙሽራ

ሙሽራ በጫጉላዋ የባሏን ፊት ጠግባ ታያለች እንጂ ጀርባውን ስታይ ትከርማለች? ዛይራ ግን በብስክሌት ከጣልያኗ ከተማ ከቪቼንሳ ከወጡ ጀምሮ ያየችው ጀርባ ነው። ባሏ ኢላሪዮ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፤ ነፋሱን እሱ በደረቱ ሲቀበል እሷ ከጀርባው ተከልላ ትከተላለች። የፖ ወንዝ ሜዳ ነፋስ ደግሞ ተራ ነፋስ አይደለም፤ ላብ ያዘለ ደረት ካገኘ ሳንባ ድረስ ነው ዘልቆ የሚገባው። ትንሽ እኔ ልምራ ስትለው፣ ዞር እንኳ ሳይል ልማዴ ነው ይላትና ፔዳሉን ይረግጣል።

ልማዱስ እውነት ልማዱ ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ኢላሪዮ ወጣትነቱን የጨረሰው በብስክሌት ውድድር አጃቢ ጋላቢ ሆኖ ነው። አጃቢ ማለት ለአለቃው ነፋስ የሚሰብር፣ ለአለቃው ውሃ የሚያመላልስ፣ የአለቃው ቸርኬ የተጣመመ እንደሆነ የራሱን ፈትቶ ሰጥቶ መንገድ ዳር የሚቀር ሰው ነው። እንዲያሸንፍ ብሎ የሚቀጥረው የለም። አለቃው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የዛይራ ታላቅ ወንድም ማንሊዮ ነው። ቡድኑም የአባታቸው የሲኞር አኪሌ የሱፍ ፋብሪካ ቡድን ነበር። አበባው ለማንሊዮ፣ አቧራው ለኢላሪዮ። ዛይራ ወንድሟን ልትቀበል መጨረሻው መስመር ላይ ትቆማለች፤ አበባውን ከሰጠች በኋላ ግን ዓይኗ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ ፊቱ በአቧራ ተለስኖ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት የሚገባውን ሰው ትፈልጋለች። እሱም ያያታል። እንዲህ ነው የተጀመረው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሲያይ።

ሲኞር አኪሌ ነገሩን የሰማ ዕለት ኢላሪዮን ከቡድኑ አባረረው። ልጁንም የቀለም ነካሪ ልጅ አግብታ በዚህ በር እንደማትገባ ነገራት። የኢላሪዮ አባት ሽማግሌው ቦርቶሎ በዚያው ፋብሪካ ሱፍ ቀለም ሲነክሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ከአንጓው በታች ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። የሚኖሩትም በፋብሪካው ቤት ነው። እንግዲህ ሁለቱ በማለዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጎን መሠዊያ፣ የሙሽራዋ ወገን አግዳሚ ባዶውን እያፈጠጠ ተጋቡ። አባት የተባለ ሰው የልጁን ሠርግ ተኝቶ ያሳልፋል? ተኛ ተባለ እንጂ እንቅልፍማ ከየት ይመጣለታል።

በብስክሌት አገር እንይ ያለችው እሷ ናት። ኢላሪዮ ጣልያንን ከዳር እስከ ዳር ጋልቦ አንድም ከተማ አላየም፤ ያየው ከፊቱ የሚሄደውን ሰው የኋላ ጎማ ነው። ማንቶቫ ላይ ከመሳፍንቱ ቤተ መንግሥት ፊት አቁማ እየው እንግዲህ ብትለው፣ መሬት መሬቱን አይቶ ይህ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ሰው እንደሚጥል አስረዳት። ቬሮና ላይ የጥንቱ ትርዒት ቤት የድንጋይ ደረጃ ጫፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ኢላሪዮ ከዚህ ግንብ ሥር ለወንድሟ ውሃ ተሸክሞ ማለፉን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከጎኑ መቆሙን ግን እስከ ዛሬ እንዳላወቀ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ተወችው። ሰው እንዴት በገዛ አገሩ ዓይኑን ተቀምቶ ይኖራል?

ሪቫ ላይ፣ ሐይቁ ከተራራው እግር ሥር በሚያልቅበት፣ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዓሣ በሉ። ኢላሪዮ ሐይቁን ትቶ እሷን ያይ ጀመር።

«ሐይቁን እይ እንጂ» አለችው።

«እሱ ነገም አለ» አላት። «አንቺን እንዲህ ፊት ለፊት ሙሉ ቀን አይቼሽ አላውቅም።»

ዛይራ ሹካዋን አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋ እንዳይታይባት። ከእንግዲህ ማንም አይነካንም ብላ አመነች። ደስታ ሰውን ሞኝ ያደርገዋል።

የመጨረሻው መንገዳቸው ከሮቬሬቶ ተነሥቶ የፉጋዜን ተራራ መውጣት፣ በማዶው ወደ ቤት መውረድ ነበር። ጠዋት ዛይራ ለስንቅ ዳቦና ፖም ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ የአባቷ ጥቁር መኪና ያደሩበት ቤት በር ላይ ቆማለች። ሲኞር አኪሌ ከግቢው ሲወጣ አገኛትና ግንባሯን ሳማት፤ ከስንት ወር በኋላ። ተራራው አናት ላይ ባለው ሆቴል ምሳ ማዘዙን፣ ማንሊዮም ብስክሌቱን ይዞ ስለመጣ አብሯቸው እንደሚጋልብ ነገራት። ብርድ እንዳይመታት ኮሌታዋን ቆለፈላት። እጁ ኮሌታዋ ላይ ትንሽ ቆየ። ዛይራ ይህን እርቅ አድርጋ ወሰደችው። ሌላ ልጅስ ብትሆን ምን አድርጋ ትወስደዋለች?

ኢላሪዮ ግቢው ውስጥ ብስክሌቱን ገልብጦ ካቴናውን ይጠርግ ነበር። ካቴናው ንጹሕ ነው። አባቷ ምን እንዳለው ብትጠይቀው፣ ስለ ቤት ነው አላት። ቀና ብሎ አላያትም። አፍሮ ነው ብላ፣ እዚያው አጎንብሶ ሳለ አቅፋ ማጅራቱን ሳመችው። ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ዝምታ ስንቱን ጎጆ አፍርሷል፤ ዝም ያለ ግን ጨዋ ይባላል።

መንገዱ ከሸለቆው ጥልቅ እየተጠማዘዘ በጫካው መሐል ሽቅብ ይወጣል። ኢላሪዮ እንደ ልማዱ ከፊት ሆነ። ማንሊዮ ምንም ሳይል ገብቶ ከኢላሪዮ ጎማ ኋላ ተለጠፈ፤ የዛይራን ቦታ ወሰደ። እሷ ሦስተኛ ሆነች። ማንሊዮ በየመታጠፊያው ያሾፋል። ሙሽራው የበቆሎ ገንፎ በዝቶበታል መሰለኝ ይላል፤ ትዳር እግር ያከብዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር ይላል። ኢላሪዮ መልስ ከመስጠት ይልቅ ወንድምየው እንዲመቸው ፍጥነቱን ያስተካክልለታል። ዛይራ ይህን ስታይ የዳገቱ ብቻ ያልሆነ ሙቀት ጆሮዋ ድረስ ወጣባት።

ከላይኛው መንደር አልፈው ጥቂት እንደሄዱ፣ የማንሊዮ የፊት ቸርኬ ከገደሉ የወረደ ድንጋይ መታና ተጣመመ። ማንሊዮ አልተሳደበም፤ ወደ ጎማው እንኳ አላየም።

«ኢላሪዮ፣ ቸርኬ» አለ።

ኢላሪዮ ገና ቃሉ ሳያልቅ ከብስክሌቱ ወርዶ ነበር። የራሱን የፊት ቸርኬ ፈታ፣ የማንሊዮ ብስክሌት ላይ አሰረ፣ ጎማውን በእጁ አሹሮ አየ፣ ከኮርቻው ስር ገፋ አድርጎ አስነሣው። ማንሊዮ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለም። ዛይራ አፏን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማንሊዮ ዞር ብሎ፣ የአባታቸው ሹፌር ትርፍ ቸርኬ ስላለው ላይ ሲደርሱ እንደሚላክለት ነገራት፤ አባባ ምሳ ላይ መጠበቅ አይወድም አላት። ነገሩ ደኅና ነገር ይመስላል።

ኢላሪዮ መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግር ያጣ ብስክሌት ከጎኑ ተጋድሟል።

«ሂጂ» አላት። «ላብሽ ሳይቀዘቅዝ ሂጂ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ሪቫ ላይ እንዳያት አይደለም፤ ባቡር ጣቢያ ላይ እንደሚሸኝ ሰው ነው። ዛይራ ሄደች። ያ አስተያየት ግን በየመታጠፊያው እየቀደማት ጠበቃት።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ሳህን ተደርድሯል። ሳህኑ ለሦስት ሰው ነው። ዛይራ አልተቀመጠችም። ሹፌሩን ቶሎ ቸርኬ ይዞ እንዲወርድ አዘዘችው። ሹፌሩ ወደ ሲኞር አኪሌ አየ።

«አይቸኩልም» አለ አባቷ፣ ናፕኪኑን ጭኑ ላይ እየዘረጋ። «ወርዶ ከሮቬሬቶ ባቡር ይሳፈራል።»

«ማን ነው ባቡር የሚሳፈረው?»

አባቷ ረጋ ብሎ አስረዳት። የሱፍ ዋጋ የሚያስረዳ ይመስል። ያኔ በጣልያን ሕግ ፍቺ የሚባል የለም። ድሃ ከተጋባ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየውም ተብሎ እስከ መቃብር ይኖራል። ሀብታም ግን የቤተ ክርስቲያን ዳኞች ዘንድ ጠበቃ ልኮ ጋብቻው ከመጀመሪያውም አልነበረም ያስብላል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሙሽራው ቀርቦ መሠዊያው ፊት እሺ ስል ከልቤ አልነበረም፣ ለሀብቷ ብዬ ነው ብሎ መመስከር። ኢላሪዮ ይህን ይመሰክራል። ሽማግሌው ቦርቶሎም ከቤታቸው አይነሡም። እምቢ ካለ ግን ቤቱ ለሌላ ሠራተኛ ይፈለጋል። ይህን የመሰለ ነገር የሚያስብ ራስ እንዴት አድርጎ ማታ ትራስ ላይ ያርፋል?

ዛይራ ወንበሩን ጨብጣ ቆመች። «እሱ እሺ አለ?»

«አንገቱን ደፋ። አንቺ አታውቂም፤ እኔ ስንት ዘመን ከቡድኑ መኪና መስኮት ሆኜ አዝዤዋለሁ። ያ ልጅ አንገቱን ከደፋ ሥራው አልቋል ማለት ነው።»

«እኔ ሥራ ነኝ?»

«አንቺ ልጄ ነሽ፤ ለዚህ እኮ ነው» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናጋ። «እናትሽ ሌሊቱን ስትዞር ነው የምታድረው። ያን የቦርቶሎን ቤት አይተሽዋል? ክረምት ሲመጣ ኩሽናው ውስጥ ውሃ በረዶ ይሆናል። ልጄን እዚያ ልቅበራት?»

«ያ ቤት የማን ነው አባባ?» አለች ዛይራ። «ውሃው በረዶ የሚሆንበት ቤት ባለቤቱ ማነው? እርስዎ ነዎት እኮ። ለልጅዎ ያልበቃ ቤት ለነሱ እንዴት በቃ?»

ማንሊዮ ሾርባውን ማማሰሉን አቆመ። ዛይራ ከበረንዳው ወርዳ የወንድሟን ብስክሌት ገለበጠችና ቸርኬውን ትፈታ ጀመር፤ በጫጉላዋ ኢላሪዮ ያስተማራት ነገር ነው። ማንሊዮ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እኔ ታዲያ በምን ልሄድ ነው ብሎ ጮኸባት።

«በአባባ መኪና» አለችው። «መቼስ በሌላ ሄደህ አታውቅም።»

ቸርኬውን በሻርፗ ጀርባዋ ላይ አሰረች። የሆቴሉ ባለቤት፣ ሁሉን ከበር ሆና የሰማች ወፍራም ሴት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ የዕለቱን ጋዜጣ አጥፋ የዛይራ ሸሚዝ ውስጥ ከተተችላት፤ ቁልቁለት ላይ ባዶ ደረት ለነፋስ አይሰጥም። አፏ ምንም አላለም። ዓይኗ ግን ሂጂ ልጄ ይል ነበር። ያ ብቻ ነው በዚያ አናት ላይ የእናት ነገር የነበረው።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደች እግዜር ይወቅ። ፍሬኑን ጨብጣ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ በየመታጠፊያው ጠጠሩ ከጎማዋ ሥር ይሸሻል፤ ከዚያ ማዶ ገደል ነው። እሷ ግን ገደሉን አላየችውም። ካቡ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቃት ሰው የምትናገረውን ነበር የምታደራጀው። በአባቷ ተናዳለች፤ የአባቷ ግን ከጥንትም የምታውቀው ነው። ልቧን እንደ ጋለ ብረት ያቃጠላት የባሏ ነው፤ አሳልፎ ሊሰጣት የቻለው። ቸርኬውን እንደ ሰጠ፣ አጎንብሶ፣ ቃል ሳያወጣ፣ ቀጣዩን ሰው ከኋላ ገፋ አድርጎ።

ካቡ ጋ አልደረሰችም። ከዚያ ብዙ በላይ፣ አንድ ድልድይ አልፎ ባለው ዳገት፣ ኢላሪዮ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሽቅብ ይመጣል። የመጋለቢያ ጫማ ለእግር ጉዞ አይሆንም፤ ጫማዎቹን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ካልሲው ተቀዶ እግሩ ደምቷል። ዛይራ ፍሬኗን ያዘች። ንግግሯን ሁሉ ለተቀመጠ ሰው ነበር ያዘጋጀችው፤ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ቃል አጣች። ቸርኬውን ከጀርባዋ ፈትታ እግሩ ሥር አኖረችው።

«ቸርኬህን አመጣሁልህ» አለችው። «እኔንስ ማን ያመጣልሃል?»

ኢላሪዮ ብስክሌቱን አወረደ። «ዛይሬ፣ እሺ አላልኩም።»

«እምቢስ አልክ?»

ኢላሪዮ እግሩ ሥር ያለውን ቸርኬ አየ። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

«መልስልኝ። እምቢ አልክ ወይ?»

«አንገቴን ደፋሁ» አለ። «ሲያዙኝ እንደዚያ ነው የምሆነው። ከአንገቴ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም። ቀና ስል ሄደዋል። ልነግርሽ አስቤ አባቴ ታወሱኝ። በዚያ ዕድሜያቸው አልጋቸውን ጋሪ ላይ ጭነው...»

«አባትህን ለምን አልጠየቅሃቸውም? እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?» ድምፅዋ ከዐለቱ ተጋጭቶ ተመለሰ። «ለሁሉም አንተ ብቻህን ትወስናለህ። ስትወስን ደግሞ የምትሰጠው ነው እንጂ የምታስቀረው የለም። ውሃህን ስጥ፣ ያንተ ነው። ቸርኬህን ስጥ፣ ያንተ ነው። እኔ ግን ዕቃህ አይደለሁም። ያን ባዶ አግዳሚ እያየሁ በሁለት እግሬ ሄጄ ነው ያገባሁህ። ምን በወጣኝ ነው የምትሰጠኝ?»

«ከመታጠፊያው ስትሰወሪ ነው የገባኝ» አለ ኢላሪዮ። «እሱን ተከትለሽ ስትሄጂ። አሳልፌ የሰጠሁሽ እኔው ራሴ መሆኔን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከዚያ መቀመጥ አልቻልኩም።»

ዛይራ ወደ ደማው እግሩ ላለማየት ፊቷን አዞረች። ብታይ ይራራል ልቧ፤ ለመራራት ደግሞ ገና አልፈለገችም።

መኪናዋ ከላይ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። የማንሊዮ ብስክሌት ጣሪያዋ ላይ ታስሯል፤ ማንሊዮ ከኋላ ተኮራምቷል። የሲኞር አኪሌ መስኮት ወረደ። ዛይራ እንድትገባ አዘዘ። አልንቀሳቀስ ስትለው ወደ ኢላሪዮ ዞረ።

«ኢላሪዮ፣ ጠዋት ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ስንት ዘመን በዚያው መስኮት፣ በዚያው ድምፅ። ዛይራ የባሏን ማጅራት አየች፤ ወደ ታች ማዘንበል ሲጀምር አየችው። ልትጮህ ነበር። እጁን ልትይዘው ነበር። አልነካችውም። ይሄ የእሱ ነው፤ እኔ ከገፋሁት ደግሞ የኔ ታዛዥ ነው የሚሆነው አለች በልቧ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ማጅራቱ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ዝገት እንደያዘው ማጠፊያ፣ ቀና አለ።

«ሲኞር አኪሌ፣ ጠዋት አልመለስኩልዎትም። አሁን ልመልስልዎ። እምቢ።»

«አባትህስ?»

«ለአባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ። የሚረግሙኝም ከሆነ እሳቸው ይርገሙኝ። ከልቤ ያልኩትን ግን ከልቤ አልነበረም ብዬ ቄስ ፊት አልዋሽም።»

ማንሊዮ ከኋላ ሆኖ፣ ለካ ተራራው ራስህን አዙሮታል አለው። ኢላሪዮ አንገቱን ወደ መስኮቱ ዝቅ አድርጎ አየው።

«አንተም ከዛሬ ወዲያ» አለው «ትርፍ ቸርኬህን ይዘህ ውጣ።»

ሲኞር አኪሌ ልጁን አየ። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው፤ መስኮቱም ተዘጋ። መኪናዋ በጠባቡ መንገድ ላይ ወደፊት ወደኋላ እያለች ዞራ ሽቅብ ተመለሰች፤ ከነሱ ቀድማ ተራራውን ትሻገራለች፣ ከነሱ ቀድማ ቦርቶሎ በር ላይ ትደርሳለች። ዛይራ በኋላው መስታወት የአባቷን ሽበት አየች። አሳዘናት። ማሳዘኑ እንደገና አናደዳት።

ኢላሪዮ መሬት ላይ ተቀምጦ ቸርኬውን ሊያስር ሞከረ። እጁ እምቢ አለው፤ ቸርኬው ከብስክሌቱ ሹካ ይስታል፣ ደግሞ ይስታል። ዛይራ መጥታ ብስክሌቱን ያዘችለት።

«ገና አልበረደልኝም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ብዙ ጊዜም አይበርድልኝ ይሆናል።»

«አይብረድልሽ» አለ።

እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። ጣቶቹን በመዳፏ ጨበጠቻቸው፤ ጥቁር ቅባት መዳፏ ላይ ቀረ።

«ፈርተህ ነው?»

ኢላሪዮ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። ፊቱ ቀልቷል፣ ትንፋሹ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው።

«አይደለም» አለ፣ ራሱም ግራ ገብቶት። «ተናድጄ ነው መሰለኝ።»

ዛይራ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሪቫ ላይ ከነገራት ሁሉ ይልቅ ይሄኛው ሞቀ ብሎ ደረቷ ውስጥ ገባ፤ የራሷ ንዴትም ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ አገኘ።